ለሚታመም እግር የሚመች፣ ለዓይንም የሚያምር ቦት ጫማ እንዴት ይመረጣል?

ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በደብረ ብርሃን ከተማ ከጥቅምት ጀምሮ የማለዳው ውርጭ ጠንካራ ነው፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው አጭር ጫማን እስከ አፉ ይውጣል። ስለዚህ በሰሜን ሸዋ ደጋ ቦት ጫማ ጌጥ ብቻ አይደለም። ነገር ግን እግራቸው ቶሎ የሚቆስል፣ የሚያብጥ ወይም በተረከዙ የሚያማቸው ብዙ ሰዎች አምሮ ከመሰቃየትና ሰፊ የላስቲክ ቦቲ አድርጎ ከመዋል ሌላ ምርጫ ያለ አይመስላቸውም። ችግሩ ያለው በአመራረጡ ቅደም ተከተል ላይ ነው፤ አብዛኞቻችን በመጀመሪያ መልኩን ወደን እግራችንን በኋላ ለማስማማት እንሞክራለን። እናቴ ለጥር ሠርግ የገዛችው ጥቁር ቦት ጠበብ ሲላት ሻጩ «ሲደረግ ይሰፋል» አላት፤ ማታ ወደ ቤት ስትመለስ ሁለቱም ተረከዞቿ ውሃ ቋጥረው ነበር። ቆዳ በእርግጥ በጎኑ ጥቂት ይለጠጣል፤ በርዝመቱ ግን ፈጽሞ አይጨምርም።

እግርን መለካት

እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆምና ሲሄድ ስለሚያብጥ ልኬት የሚወሰደው ከሰዓት በኋላ ወይም ወደ ማታ ነው። ከቦቱ ጋር ሊደረግ የታሰበውን ካልሲ አድርጎ፣ ወረቀት መሬት ላይ አንጥፎ፣ ተረከዝን ግድግዳ አስነክቶና በሁለቱም እግር እኩል ቆሞ የረጅሙን ጣት ጫፍ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። በብዙ ሰዎች ረጅሙ ጣት ከአውራ ጣት ቀጥሎ ያለው ስለሆነ ሁልጊዜ አውራ ጣትን መለካት ያሳስታል። ሁለቱም እግሮች ይለካሉ፤ ቦቱ የሚገዛው ለትልቁ ነው፣ ለትንሹ በውስጥ ገበር ማስተካከል ይቻላልና።

በገበያ የምናገኘው የአውሮፓ ቁጥር የራሱ ስሌት አለው። ቁጥሩ በ2 ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል ጫማው የተሠራበትን ቅርጽ ርዝመት በሴንቲ ሜትር ይሰጣል፤ ለምሳሌ 39 ቁጥር የ26 ሴንቲ ሜትር ቅርጽ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ መቅረት ስላለበት፣ እግሩ 24.7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው 39 ቁጥርን መሞከር ይጀምራል። እዚህ ላይ «ይጀምራል» ማለቴ አምራቾች ሁሉ እኩል ስለማይሠሩ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አምኖ መግዛት አይገባም።

ከዚያ ወረቀቱ ላይ የእግሩን ዙሪያ በእርሳስ መሳልና ሥዕሉን በመቀስ መቁረጥ ነው። ይህ ቁራጭ ወረቀት በኪስ ተይዞ ወደ ገበያ ይወጣል፤ በተመረጠው ቦት ሶል ሥር ሲደረግ ወረቀቱ ከጎን ብቅ ካለ፣ ቦቱ የቱንም ያህል ቢያምር ወደ መደርደሪያው ይመለስ። ከልምዴ ከዚህ የበለጠ ከስህተት የሚያድን ዘዴ አላገኘሁም።

ሕመሙ የት እንደሆነ መለየት

ሁሉም የሚታመም እግር አንድ ዓይነት ጫማ አይፈልግም። ከአውራ ጣት ሥር አጥንቱ ወደ ውጭ የወጣበት ሰው ከፊት ሰፋ ያለና በዚያ ቦታ ስፌት የሌለው ቦት ያስፈልገዋል። ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ ተረከዙን የሚወጋው ሰው ደግሞ ከኋላ ጠንከር ብሎ ተረከዙን የሚይዝና ከሥር ለስላሳ ምንጣፍ ያለው ይሻለዋል። እግሩ የሚያብጥ ሰው ዚፕ ብቻ ካለው ይልቅ እንደ እብጠቱ የሚላላና የሚጠብቅ ክር ያለውን መምረጥ አለበት። በቀይ አፈር ላይ ለረጅም ዘመን በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፈው ዝሆኔ ያለበት ሰውም እንዲሁ ነው፤ ለእርሱ ጫማ ከሕክምናው እንደ አንዱ ስለሚቆጠር፣ ከመደርደሪያ የሚገጥመው ከጠፋ ለጫማ ሰፊ ልኩን ሰጥቶ ማሰራቱ ተገቢ ነው።

የስኳር ሕመም ያለባቸውን በተለይ ማሳሰብ እወዳለሁ። ሕመሙ የእግርን ስሜት ሲያደነዝዝ ሰውየው ጫማው እየጨመቀው «ተመችቶኛል» ሊል ይችላል። ስለዚህ በስሜቱ ሳይሆን በልኬቱ ሊመራ፣ ቦቱን ከማድረጉ በፊት ዘወትር እጁን አስገብቶ ጠጠር ወይም የተጣጠፈ ገበር አለመኖሩን ሊያረጋግጥ፣ ሲያወልቅም የእግሩን ቆዳ በዓይኑ ሊመረምር ይገባል።

ቆዳውንና ውስጡን መመርመር

የፍየል ቆዳ ለስላሳና ጠንካራ ስለሆነ ለሚቆስል እግር ከሁሉ የተሻለ ይመስለኛል። የበሬ ቆዳ ለጭቃና ለድንጋይ ይበረታል፣ ግን ወፍራም ከሆነ እስኪለመድ ድረስ ቁርጭምጭሚትን ይልጣል። ሰው ሠራሽ ቆዳ ርካሽ ነው፤ ሆኖም ላብን አያስወጣም፣ ቅርጹንም ለእግር አይሰጥም። ልዩነቱ በጉዞ ጊዜ ጎልቶ ይታያል፦ ማለዳ በደብረ ብርሃን ብርድ የተደረገ ቦት የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁለቱን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሙቀት ውስጥ ይገባል። አየር የማያስወጣ ከሆነ በላብ የራሰው የእግር ቆዳ ወዲያው ይላጣል።

እጅን እስከ ጣቶቹ መጨረሻ አስገብቶ ውስጡን መዳሰስ ከውጭ መልኩ የበለጠ ይናገራል። ሻካራ ስፌት፣ የወጣ ሙጫ ወይም ሚስማር በጣት ከተሰማ በእግር የባሰ ይሰማል። የውስጡ ምንጣፍ ተነሥቶ የሚወጣ ቢሆን ይመረጣል፤ ታጥቦ ይደርቃል፣ በወፍራምም ይተካል። ቦት ባደረጉ ቁጥር እግራቸው የሚያሳክካቸውና ሽፍ የሚልባቸው ሰዎች ደግሞ ቆዳ የሚለፋበት የክሮም ጨው ወይም ሙጫው የማይስማማቸው ሊሆን ስለሚችል የቆዳ ሐኪም ቢያዩ መልካም ነው።

ለብርዱ ሲባል ሁለት ካልሲ መደራረብ ጣቶችን ያጨናንቃል። መንዞች ባናና በርኖስ የሚሠሩበት የበግ ጠጉር እርጥበት እየመጠጠም ማሞቁን አይተውም፤ አንድ የሱፍ ካልሲ ይበቃል።

ሶልና ታኮ

ቦቱን በሁለት እጅ ይዞ ማጠፍ ነው። መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ እንጂ መሐል ለመሐል አይደለም፤ እንደ ጨርቅ የሚጠማዘዝም አይሆንም። የኮብልስቶን መንገድ ቀጭን ሶልን አልፎ ውስጥ እግርን ስለሚደበድብ ሶሉ ወፈር ያለ ጎማና ለጭቃ የሚነክስ ጥርስ ያለው ይሁን። ታኮው ከ3 ወይም ከ4 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥና መቀመጫው ሰፊ ቢሆን ይመረጣል፤ ታኮ በረዘመ ቁጥር የሰውነት ክብደት ወደ እግር ፊት ይገፋል።

አሁን ስለ ውበቱ

ከላይ ያሉትን ያለፉት ቦቶች ሁለት ወይም ሦስት ይሆናሉ፤ ምርጫው ለዓይን የሚተወው በእነዚህ መካከል ነው። ጫፉ የሾለ ቦት የሚወድ ሰው ሹሉ ከጣቶቹ ጫፍ አልፎ የሚጀምረውን መፈለግ ይችላል፤ ቁጥር ብቻ አሳድጎ ጠባቡን መግዛት ግን ተረከዙን እያላላ ያቆስላል። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ በጎንና በጎኑ ላስቲክ ያለው፣ ያለ ብዙ ጌጥ የተሠራ ቡናማ ወይም ጥቁር ቦት ከሱሪም ከቀሚስም ጋር ይሄዳል፤ እግራቸው ለማያብጥ የምመክረው ይህንን ነው። ረጅም ቦት የሚፈልጉ ደግሞ የባታቸውን ዙሪያ ለክተው ይሂዱ፤ ዚፑ እየተጎተተ የሚዘጋ ከሆነ ማታ አይዘጋም። ከሰልባጅ የሚገኝ ቦት ብዙ ጊዜ ጥሩ ቆዳ አለው፣ ነገር ግን ምንጣፉ በሌላ ሰው እግር ቅርጽ ስለጎደጎደ ሳይለወጥ ባይደረግ ይሻላል።

ሞክሮ መግዛት፣ ለምዶ ማድረግ

በሱቁ ውስጥ ሁለቱንም አድርጎ ለአሥር ደቂቃ ያህል መሄድ፣ ደረጃ ካለ መውጣትና መውረድ ያስፈልጋል፤ ሲወርዱ ጣቶች ፊቱን ከነኩ አጭር ነው፣ ሲወጡ ተረከዙ ብዙ ከተነሣ ሰፊ ነው። ከመክፈል በፊት ውጭ ያልተደረገ ቦት መመለስ እንደሚቻል መጠየቅ አያሳፍርም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤት ውስጥ በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ብቻ ይደረግ። አንድ ቦታ የሚቆረቁር ከሆነ በዚያ ቦታ ትይዩ ያለውን የክር ቀዳዳ ሳያስገቡ ማለፍ ግፊቱን ይቀንሳል፤ ጫማ ሰፊም በፎርማ ሊያሰፋው ይችላል።

የረጠበውን ቦት ከከሰል ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ቆዳውን አድርቆ ይሰነጥቀዋል፤ የተሰነጠቀውም ቆዳ እግርን ይልጣል። ጋዜጣ ጠቅጥቆበት ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ማሳደር፣ ሲደርቅ ቀለም መቀባትና በማግሥቱ ሌላ ጫማ አድርጎ ቦቱን አንድ ቀን ማሳረፍ ይበቃዋል።