ማፑ ጋርሚን ሰዓት ላይ አልወጣ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ ፌኒክስ የተባለ የጋርሚን ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ማፑ ባዶ ይመስላል። ዋና ዋና መንገዶች ብቻ እንደ ክር ተዘርግተው ይታያሉ። ሰዓቱ አልተበላሸም። አሜሪካ የተሸጠ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የሰሜን አሜሪካን ዝርዝር ማፕ ነው ይዞ የሚመጣው፤ አውሮፓ የተሸጠው ደግሞ የአውሮፓን። የእኛን አገር ዝርዝር ማፕ ራሳችን እንጭናለን። በጎ ፈቃደኞች ኢንተርኔት ላይ ከሚሥሉት የዓለም ማፕ፣ ከኦፕን ስትሪት ማፕ፣ የተሠራ ነው፣ ነፃ ነው፣ ጥሩም ነው።

ይህን ሥራ ለሯጭ ጓደኞቼና ለተራራ ወጪዎች ብዙ ጊዜ ሠርቻለሁ። ሰዓቱ በቂ ቦታ እንዳለው፣ ዚፑን እንደፈታችሁት፣ ፋይሉን ጋርሚን የሚለው ፎልደር ውስጥ እንዳስገባችሁት አውቃችሁ ነው የመጣችሁት ብዬ እነሳለሁ። ስለ ሞዴል ግን አንድ ነገር ልበል። ፎርራነር 245፣ 255 እና 265፣ ፕሮ ያልሆነው ፌኒክስ 6ም ጭምር፣ ማፕ አያሳዩም። ምንም ብታደርጉ አያሳዩም። ፎርራነር 945፣ 955፣ 965፣ ፌኒክስ 6 ፕሮ እና ፌኒክስ 7 ያሳያሉ። ማፕ የሌለውን ሰዓት "ማፕ እጭንልሃለሁ" ብሎ ብር የሚቀበል ሰው ካጋጠማችሁ ሰዓታችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ምልክት፦ የማፑ ስም ዝርዝሩ ላይ አለ፣ ስክሪኑ ግን ባዶ ነው

ወይም ግማሹ አገር ይታያል፣ ግማሹ የለም። ወይም ይባስ ብሎ ሰዓቱ ሲነሳ ሎጎው ላይ ቆሞ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል።

ከመጡልኝ ሰዓቶች የአብዛኞቹ ችግር ይኸው ነው። ምክንያቱም አንድ ነው፦ ፋይሉ ሙሉውን አልገባም።

የማፑ ፋይል፣ አይኤምጂ የሚባለው፣ በውስጡ ብዙ ቁርጥራጭ የያዘ ትንሽ ዲስክ በሉት። የማፑ ስምና የትኛው ቁራጭ የት እንዳለ የሚናገረው ማውጫ መጀመሪያው ላይ ተጽፈዋል። ፋይሉ መሃል ላይ ሲቆረጥ መጀመሪያው ይገባል፣ ጭራው ሳይገባ ይቀራል። ሰዓቱ ስሙን አንብቦ ዝርዝር ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ ማውጫው ወደነገረው ቦታ ሲሄድ ምንም አያገኝም። ለዚህ ነው ስሙ ታይቶ ማፑ የማይታየው። ሰው ግን ስሙን ስላየ "ገብቷል" ብሎ ማፑን ይሳደባል፣ ሌላ ማፕ ያወርዳል፣ እሱንም በዚያው መንገድ ይቆርጠዋል።

የሚቆረጠው ሦስት ቦታ ላይ ነው።

አንደኛው ሲወርድ ነው። ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ዳውንሎዱ ያለቀ መስሎ ይቀመጣል። ዚፕ ከሆነ ሲፈታ ስህተት ይላችኋል፣ ትነቃላችሁ። በቀጥታ አይኤምጂ ሆኖ የወረደ ከሆነ ግን ማንም አይነግራችሁም። ያወረዳችሁበት ገጽ ላይ የተጻፈውን መጠን ላፕቶፓችሁ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። አስር ሰከንድ አይፈጅም።

ሁለተኛው ኬብሉ ነው። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

ባለፈው አንድ ወንድማችን ሰዓቱን ይዞ መጣ። ላፕቶፑ አንዴ ያየዋል፣ አንዴ ይለቀዋል። ኮፒው ሲጀምር ይቆማል። ኬብሉን ከሱቅ በርካሽ የገዛው ነው። የእኔን ኬብል ሰካሁ፣ ሰዓቱ ወዲያው ተከፈተ። እሺ ብሎኝ የሱን ኬብል በምላጭ ሰነጠቅሁት። ለዳታ የሚሠራ የሰዓት ኬብል ውስጥ አራት ሽቦ መኖር አለበት፦ ቀይና ጥቁር ለኃይል፣ ነጭና አረንጓዴ ለዳታ። አራቱም አሉ። ነጩ ግን ሰዓቱ ላይ በሚሰካው ጫፍ በኩል አልተበየደም ማለት ይቻላል፤ በአንዲት ፀጉር በምታህል ክር ተንጠልጥሏል። ጣቴን ሳስጠጋው ተነቀለ። እንዲህ ያለ ኬብል ቻርጅ ያደርጋል፣ ስለዚህ ሰው ደህና ነው ብሎ ያምነዋል። ጭራሽ ሁለት ሽቦ ብቻ ያላቸውም አይቻለሁ። እነሱ ይሻላሉ፤ ላፕቶፑ ሰዓቱን ፈጽሞ ስለማያየው ቢያንስ ፋይል አይቆርጡም።

ኬብሉ ጥሩ ሆኖም ጥፋቱ ከላብ ሊሆን ይችላል። ከሰዓቱ ጀርባ ያሉት ትንንሾቹ የብረት ነጥቦች ላይ የላብ ጨው ይደርቃል። በብርሃን አዘንብላችሁ ብታዩት ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ታገኛላችሁ። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በንጹሕ ውኃ ነክራችሁ አጽዱ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ሰኩ። በመርፌ አትፋቁ። እርጥብ እንዳለ አትሰኩ፤ ነጥቦቹን የሚበላቸው እሱ ነው።

ሦስተኛው ችኮላ ነው። ሙዚቃ የሚይዙት እነዚህ ሰዓቶች ላፕቶፑ ላይ እንደ ፍላሽ አይከፈቱም። ኤምቲፒ በሚባል መንገድ ነው የሚገናኙት። ይህ መንገድ ቀርፋፋ ነው። ላፕቶፑ ላይ ያለው አረንጓዴ መስመር ሞልቶ ሰዓቱ ውስጥ ገና እየተጻፈ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ሲሞላ ኬብሉን የሚነቅል ሰው ፋይሉን በገዛ እጁ ይቆርጠዋል።

ሱሉልታ የሚለማመድ አንድ ልጅ አለ፣ ማለዳ ረጅም ሩጫ ነበረው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ማፑን መጫን ጀመረ። የላፕቶፑ ባትሪ ሞቷል፣ በግድግዳ መብራት ነው የሚሠራው። ኮፒው ካጋመሰ በኋላ መብራት ሄደ። ሰዓቱ የራሱ ባትሪ ስላለው ግማሹን ፋይል ይዞ ቀረ። ሲነሳ ያንን ፋይል ሊያነብ ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሳል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ሆኖ ባትሪው አለቀ። ልጁ ጠዋት ያለ ሰዓት ሮጠ፣ ከሰዓት እኔ ጋ መጣ። ፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳውም፤ ሰዓቱን የገዙለት ቤተሰቦቹ ተረዳድተው ነው። ቻርጅ አድርገን ከላፕቶፕ ጋር አያያዝነው። እየጠፋ እየበራ መሃል ላይ ላፕቶፑ ለጥቂት ሰከንድ ያየዋል። ፎልደሩን ለመክፈት አልደረስንም። በሦስተኛው ላይ ደረስን። ያንን አንድ ፋይል ሰረዝን፣ ሰዓቱ ተነሳ፣ የሩጫ ታሪኩም አልጠፋም።

ስለዚህ መፍትሄው ይኸውና። መጀመሪያ የተቆረጠውን ፋይል ከሰዓቱ ላይ ሰርዙ፤ በላዩ ላይ አትጻፉበት። ጋርሚን ኤክስፕረስ የሚባለውን የጋርሚን የኮምፒውተር ፕሮግራም ዝጉ፤ ከበስተጀርባ ክፍት ከሆነ ሰዓቱን ይዞ ኮፒውን ያደናቅፋል። ኬብሉን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩ፣ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ አይሁን። ላፕቶፑ እንዳይተኛ አድርጉ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ አትሥሩ። ኮፒ አድርጉ፣ መስመሩ ከሞላ በኋላ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ሰዓቱ ላይ ያለውን ፋይልና ላፕቶፑ ላይ ያለውን ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ በባይት አስተያዩ። በሜጋባይት አይደለም፣ በባይት። የመጨረሻዋ ቁጥር ሳትቀር አንድ መሆን አለባት። አንድ ከሆነች ንቀሉ፣ ሰዓቱን አጥፍታችሁ አብሩት።

ማክ የያዛችሁ፦ ማክ ኤምቲፒን በራሱ አይከፍትም። ኦፕን ኤምቲፒ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ።

ምልክት፦ ሰዓቱ ማፑን ማረጋገጥ አልቻልኩም፣ አቅራቢውን ጠይቅ ይላል

ይህ በተለይ እኛን የሚነካ ነው። ማፑ የተሠራው በዩኒኮድ ነው፤ ዩኒኮድ የዓለምን ፊደሎች ሁሉ ለኮምፒውተር የሚጽፍ ሥርዓት ነው። አዳዲሶቹ የጋርሚን ሶፍትዌሮች በኩባንያው ያልተፈቀደ የዩኒኮድ ማፕ አይቀበሉም። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ያለ ዩኒኮድ አይጻፍም። ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ብዙ የአገራችን ቦታዎች በአማርኛ ተጽፈዋል፤ በጎ ፈቃደኞች አንድ በአንድ የጻፏቸው ናቸው። ያ ሁሉ ልፋት ሰዓቱ ላይ ሳይደርስ መቅረቱ ያናድደኛል።

መፍትሄው በላቲን ፊደል የተሠራውን ማፕ ማውረድ ነው። እሱም የራሱ ጣጣ አለው፤ አንዳንዱ ላይ ስሞቹ የጥያቄ ምልክት ሆነው ይወጣሉ። አሠሪው የአማርኛውን ስም ወስዶ ላቲን ውስጥ ሊያስገባው ስለሞከረ ነው። እኔ የምሠራው ራሴ ነው። የኢትዮጵያን ዳታ፣ የኦፕን ስትሪት ማፕን ዳታ አገር በአገር ከፍሎ ከሚያቀርበው ጂኦፋብሪክ ከሚባል ድረ ገጽ አወርዳለሁ፣ ኤምኬጂማፕ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እቀይረዋለሁ። ስሙን ከየት ውሰድ የሚለው ትዕዛዝ ላይ የእንግሊዝኛውን ስም አስቀድሙ፣ ተራውን ስም አስከትሉ። ያኔ ሱሉልታ በላቲንም ቢሆን ይነበባል።

ምልክት፦ ሁለት ማፕ ጭኜ አንዱ ጠፋ

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ስም ነው። ብዙ ነፃ ማፖች ጂማፕሰፕ በሚል አንድ ስም ይወርዳሉ። ደባርቅ ያለ አስጎብኚ ወዳጄ መጀመሪያ የመንገድ ማፑን ጫነ፣ ቀጥሎ የከፍታ መስመር፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙ መስመሮች፣ የያዘውን። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ተካው። እንግዶች ይዞ ተራራ ላይ ሲወጣ መስመር ብቻ ያለበት፣ መንገድም መንደርም የሌለበት ስክሪን ነው ያየው። ከመጫናችሁ በፊት ለያንዳንዱ የየራሱን ስም ስጡ።

ሁለተኛው መለያ ቁጥር ነው። በኤምኬጂማፕ ሲሠራ ማንም ካልቀየረው የማፑ የቤተሰብ ቁጥር 6324 ይሆናል። ሁለት ማፕ ይህን ቁጥር ከያዙ ሰዓቱ ይምታታበታል። ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ለያንዳንዱ የተለየ ቁጥር ስጡ።

የከፍታ መስመር ካነሳሁ አይቀር፣ ሰሜን ተራራ ለምትሄዱ። የነፃ ማፖች የከፍታ መስመር ብዙ ጊዜ የሚሠራው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በራዳር ከለካችው ከፍታ ነው። ሰፊ ተዳፋት ላይ ግሩም ነው። ጠባብ ገደልና ቀጥ ያለ አፋፍ ላይ ግን መስመሩ ለስልሶ ይወጣል። ሰዓቱ ላይ ለጥ ያለ የሚመስል ቦታ ገደል ሊሆን ይችላል። አፋፍ ላይ ዓይናችሁን እመኑ። ጉም ሲወርድ ደግሞ ቁሙ።

አጭር አጭሮቹ

ማፑ ሙሉ ሆኖ ገብቶ ካልታየ፣ የስፖርቱ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ከማፕ ምርጫው አዲሱን አብሩ፣ ከሰዓቱ ጋር የመጣውን እዚያው ምርጫው ላይ ዝጉት፤ ፋይሉን ግን አትሰርዙ። ሁለቱ ከተደራረቡ አንዱ ሌላውን ይሸፍናል።

መንገድ አሳየኝ ስትሉት ቀጥታ መስመር የሚሰጥ ከሆነ ማፑ መንገድ የሚሰላበት ዳታ የለውም። ሌላ አውርዱ።

ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይሆንም። አፍሪካን በሙሉ አትጫኑ፣ አገር አገሩን ጫኑ።

ማፕ ሳትጭኑ ሰዓቱ ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ላይ ከቆመ ጉዳዩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 መጨረሻ ብዙ የጋርሚን ሰዓቶች በተበላሸ የሳተላይት ዳታ እንዲህ ሆነው ነበር። ማፕ አትሰርዙ።

እባካችሁ ይህን አትሰርዙ

ቦታ ለማስለቀቅ ጋርሚን ፎልደር ውስጥ ያለውን አይኤምጂ ሁሉ ጠርጎ የመጣ ልጅ ነበር። ከሰዓቱ ጋር የመጣው ማፕም አብሮ ሄደ። ጂማፕቲዜድ የሚባለውም ሄደ፤ እሱ የዓለም የሰዓት ክልሎች ማፕ ነው። በጋርሚን ኤክስፕረስ ለመመለስ ግማሽ ቀን ፈጀብን። እናንተ ያላስገባችሁትን ፋይል አትንኩ። ያስገባችሁትን እንድታውቁት ስሙን በራሳችሁ ቃል ጻፉት። ከሁሉ በፊት ደግሞ ፎልደሩን በሙሉ ላፕቶፑ ላይ ገልብጡ።

ምልክት፦ ማፑ ይሠራል፣ መንገዱ ግን የለም

ፒያሳ ላይ ሰዓቱ የሌለ መንገድ ካሳያችሁ ማፑ ከኮሪደር ልማቱ በፊት የተሠራ ነው። አዲሱን አውርዱ፣ አሮጌውን ሰርዙ። ሁለቱን አብራችሁ አታብሩ።

እንጦጦ ጫካ ውስጥ የምትሮጡበት ቀጭን መንገድ ከሌለ ግን ማንም ስላልሣለው ነው። የሮጣችሁበትን የሩጫ መዝገባችሁ ከሚቀመጥበት ከጋርሚን ኮኔክት ጂፒኤክስ በሚባል የመስመር ፋይል አውጡ፣ ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ጫኑ፣ መስመሩን ተከትላችሁ መንገዱን ሣሉ። ዛፍ ሥር ጂፒኤሱ ስለሚዋዥቅ የሁለት ሦስት ቀን ሩጫ አስተያዩ። የግል ግቢ የሚያቋርጠውን አትሣሉ። እኔ አንዷን የባሕር ዛፍ መሃል መንገድ እንዲህ ሣልኩ። ማፑን በአዲሱ ዳታ ድጋሚ ሠርቼ ጫንኩት። ቅዳሜ ጠዋት ሽቅብ ስወጣ መንገዷ ከእግሬ በፊት ስክሪኑ ላይ ታጠፈች።