ዌብ ዲዛይን ለመማር መጀመሪያ ሰው ፈልጉ

«ዌብ ዲዛይን መማር እፈልጋለሁ፤ በምን ልጀምር?» የሚል ጥያቄ ከግቢ ልጆች በየጊዜው ይመጣልኛል። የሚጠብቁት የዩቲዩብ ሊንክ ነው። እኔ ግን «ለማን ልትሠሩ ነው?» ብዬ መልሼ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ «ለራሴ፣ ፖርትፎሊዮ» ይላሉ፤ የሥራ ማሳያ ገጽ ማለታቸው ነው። እዚህ ላይ ነው የማንስማማው። የሠሩት ነገር ሳይኖር ምን ሊታይ ነው?

ስለዚህ ላፕቶፑን ዝጉትና ውጡ። ሐዋሳ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ከፒያሳ እስከ አቶቴ፣ ከመናኸሪያ እስከ ሐይቁ ዳር ብትዞሩ ደንበኛ የሚፈልግ፣ ጉግል ላይ ግን ስሙ የማይገኝ ሰው ሞልቷል። ልብስ ሰፊ፣ ጸጉር ቤት፣ ባጃጅ የሚጠግን ጋራዥ፣ ኮፒ ቤት፣ ቤት ለቤት የሚያስጠና ልጅ። ከነዚህ አንዱን ምረጡ። የምታውቁት ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ የአክስታችሁ ባል ቢሆንም ችግር የለም። የመጀመሪያውን በነፃ ሥሩ። በምትኩ ተስማሙ፦ ሥራውን በስማችሁ ታሳያላችሁ፣ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ሲያልቅ ደግሞ ባለቤቱ ስልኩ ላይ ከፍቶ የተሰማውን ሳይሸፋፍን ይነግራችኋል።

«ለምን ታደክሚናለሽ?» የሚል አይጠፋም። የፖርትፎሊዮ ገጽ የሚያይ ቀጣሪ የኔትፍሊክስ ቅጂና ካልኩሌተር አይቶ አይቶ ሰልችቶታል። ሁሉም ከአንድ ቪዲዮ የተቀዳ ነው። የአቶቴን ጸጉር ቤት ግን ከእናንተ በቀር ማንም አልሠራውም።

ሰውየውን ስታገኙ ስለ ቀለም አትጠይቁ። ስለ ደንበኞቹ ጠይቁ። የሀገር ባህል ልብስ የሚሰፉ አንድ እናት አሉ። «እትዬ፣ ሰው ሲደውልልዎ መጀመሪያ ምን ይጠይቃል?» አልኳቸው። ከስፌት መኪናው ቀና ሳይሉ «ስንት ነው ይላል። ቀጥሎ ለመቼ ይደርሳል ይላል። ከዚያ የት ነሽ ይላል። ሌላ ምን አለው ልጄ?» አሉኝ። ዲዛይኑ እዚያው አለቀ። ከላይ የልብሶቹ ፎቶ ከነዋጋቸው፣ ቀጥሎ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ቀጥሎ አድራሻና ስልክ። «ራዕያችን» እና «ተልዕኳችን» የሚል ክፍል የጠየቀ ስላልነበረ አላስገባሁም። ይህን በወረቀት ሳሉት፤ ሳጥን ሳጥን አድርጋችሁ፣ በስልክ ስክሪን ቅርጽ። ወረቀቱን አትጣሉት፣ በኋላ ይፈለጋል።

ትምህርቱ አሁን ይጀምራል። ቅደም ተከተሉ የገጹ ይዘት የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል፣ መልኩን የሚወስነው ሲኤስኤስ፣ ከዚያ (ብዙ ቆይቶ) ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ጃቫስክሪፕት ነው። የዌብ ፈጣሪው ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቭ በሚገኘው ሰርን የምርምር ማዕከል ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ የከፈተው የመጀመሪያው ድረ ገጽ ጽሑፍና ሊንክ ብቻ ነበር። ሲኤስኤስ እንደ ደረጃ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እናንተም በዚያው መንገድ ሂዱ። መጀመሪያ የእትዬን ገጽ ያለ ምንም ቀለም ጻፉት፤ ርዕስ፣ አንቀጽ፣ ፎቶ፣ ሊንክ። ቀለም ሳይቀባ ተነቦ የሚገባ ከሆነ ጥሩ ገጽ ነው። ለኤችቲኤምኤል ጥቂት ቀናት ይበቃሉ። ሲኤስኤስ ላይ ግን ጊዜ ስጡ፤ በተለይ ፍሌክስቦክስና ግሪድ የሚባሉት የገጽ አደራደር ዘዴዎች ላይ። ፍሌክስቦክስ ፍሮጊ የሚባል እንቁራሪት የምታንቀሳቅሱበት ነፃ ጨዋታ አለ፤ የልጅ ነገር ይመስላል እንጂ ቁም ነገር ያስተምራል።

ለመማሪያ ፍሪኮድካምፕ የሚባለውን ድረ ገጽ እመርጣለሁ። ነፃ ነው፣ ጽሑፍ ይበዛዋል፣ እዚያው እየጻፋችሁ ትለማመዳላችሁ። ቪዲዮ ዳታ ይበላል፤ ጽሑፍ ግን ያን ያህል አይደለም። አንድ ታግ (የኤችቲኤምኤል ምልክት) ወይም አንድ የሲኤስኤስ ትዕዛዝ ሲጠፋባችሁ ሞዚላ የሚያዘጋጀውን ኤምዲኤን የሚባል ማጣቀሻ ክፈቱ። ዴቭዶክስ የሚባለው ደግሞ ይህንኑ መረጃ ብሮውዘራችሁ ላይ ያስቀምጥላችኋል፤ የግቢው ዋይፋይ ባለበት አውርዳችሁ ዶርም ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ታነቡታላችሁ።

ኮዱን መጻፊያው ቪኤስ ኮድ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ላፕቶፕ የሌላችሁ አንድሮይድ ላይ አኮድ የሚባለውን አፕ ጫኑ። ጣት ያደክማል፣ ግን ይሠራል። ቪኤስ ኮድ ላይ ላይቭ ሰርቨር የምትባል ተጨማሪ አለች፤ ፋይሉን ሴቭ ባደረጋችሁ ቁጥር ገጹ ራሱን ያድሳል። ኢንተርኔት አትፈልግም። የስልካችሁን ሆትስፖት ከፍታችሁ ላፕቶፑን ካገናኛችሁ፣ ስልኩ ብሮውዘር ላይ የላፕቶፑን አይፒ አድራሻ (ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር)፣ የላቲኑን ሁለት ነጥብ (:) እና 5500 ብትጽፉ ገጹን በስልክ ታዩታላችሁ። ዳታ ማብራት አያስፈልግም።

ስልክ ላይ ማየቱን ችላ አትበሉ። የእትዬ ደንበኛ ሊንኩን የሚከፍተው ቴሌግራም ላይ ነው፣ ምናልባትም ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ። ቪውፖርት የምትባለዋን አንድ መስመር ከገጹ አናት ካላስገባችሁ ስልኩ ገጹን 980 ፒክስል ስፋት እንዳለው ቆጥሮ ያሳንሰዋል፤ ፊደሉ ጉንዳን ያህላል። መጀመሪያ ለጠባቡ ስክሪን ጻፉ፣ ከዚያ ለሰፊው ጨምሩ። ከላፕቶፕ ጀምሮ ወደ ስልክ መጭመቅ ከባድ ነው።

ፎቶም እንደዚሁ። ከስልክ የሚወጣ አንድ ፎቶ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ይሆናል። አሥር ልብስ ካሳያችሁ ደንበኛው ከገዛው ጥቅል እስከ 40 ሜጋባይት ወሰዳችሁበት ማለት ነው፤ ሳይከፈት ይዘጋዋል። ስኩሽ በሚባለው የጉግል ነፃ መሣሪያ ስፋቱን ወደ 1200 ፒክስል አውርዱ፣ ዌብፒ በሚባለው ዓይነት ሴቭ አድርጉ። ከ150 ኪሎባይት በታች ይገባላችኋል፣ ዓይን ልዩነቱን አያይም። ፎቶውን በጠዋት ብርሃን፣ ከበር አጠገብ አንሱ። የደንበኛ ፊት ካለበት ደንበኛዋን ራሷን አስፈቅዱ፤ ጸጉር ቤት ለምትሠሩ ይህ ግዴታ ነው።

አሁን እኔ ብዙ የማወራበት ነገር ደረሰ፣ የአማርኛ ገጽ። የእንግሊዝኛ ትምህርቶች ይህን አይነግሯችሁም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው ደረጃ ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ ገጹ አናት ላይ ዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ማስቀመጫ ዘዴ) መሆኑን አስታውቁ፣ ቋንቋው አማርኛ መሆኑንም በሁለቱ የላቲን ሆሄያት፣ በኤ እና በኤም፣ ግለጹ። ከድሮ ኮምፒውተር ኮፒ ያደረጋችሁት ጽሑፍ ገጹ ላይ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ከመጣ ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት የተተየበ ነው። እሱን ለማዳን አትታገሉ፣ እንደገና ተይቡት።

ፎንት ከፈለጋችሁ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ጉግል ፎንትስ ላይ በነፃ አሉ። ግን አንድሮይድም አይፎንም የራሳቸውን የግዕዝ ፎንት ይዘው ነው የሚመጡት፤ ለትንሽ ሱቅ ገጽ ምንም ሳትጭኑ በስልኩ ፎንት ብትሄዱ ገጹ ቶሎ ይከፈታል። የመስመር ርቀቱን ከእንግሊዝኛው ሰፋ አድርጉ፤ የፊደሉን መጠን 1.7 እጥፍ ገደማ ለዓይን ይመቻል። አማርኛን አታጋድሉ። ኢታሊክ ሲደረግ ብሮውዘሩ ፊደሉን በግድ ይገፋዋል፣ ያስጠላል። አጽንዖት ከፈለጋችሁ ደመቅ አድርጉት ወይም ቀለም ስጡት። የጽሑፉና የጀርባው ቀለም ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን፤ ብሮውዘሩ ውስጥ ኤፍ12 ተጭናችሁ ቀለሙን ስትነኩ ቁጥሩን ያሳያችኋል። በነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ መጻፍ ፋሽን ነው፣ ሐዋሳ ፀሐይ ላይ ግን አይነበብም።

ሲዳምኛም የምትጨምሩ ከሆነ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ የዚያን ክፍል ቋንቋ ለብቻው ግለጹ። ሰዓት ስትጽፉም ተጠንቀቁ። በአማርኛው ገጽ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ያላችሁት በእንግሊዝኛው 8 መሆን አለበት። ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ሰው ዝግ በር ላይ ታቆማለች።

አድራሻ በሁለት መንገድ ይጻፍ። አንዱ የጉግል ካርታ ሊንክ ነው። ሌላው እኛ የምንነጋገርበት፣ «ከእንትን ሆቴል ፊት ለፊት፣ ከፋርማሲው ጎን» የሚለው። እኔ ሁለተኛውን ከላይ አደርጋለሁ። ስልኩ ሲነካ የሚደውል ይሁን፤ ከ0 ሳይሆን ከ+251 ይጀምር። ቅጽ የሚሞላበት ፎርም ለመጀመሪያ ሥራ አልመክርም፤ ተጨማሪ አገልግሎት ይፈልጋል፣ እትዬም ኢሜይል አይከፍቱም። የቴሌግራም ባተን ይበቃል።

ገጹን ወደ ኢንተርኔት ማውጣት ሰው የሚፈራው ክፍል ነው፣ ያን ያህል አያስፈራም። ጊትሃብ የሚባለው ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ላይ አካውንት ክፈቱ። የተጠቃሚ ስማችሁን በደንብ አስቡበት፤ ቀጣሪ የሚያየው አድራሻ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ የቀልድ ስም ይቅር። የተጠቃሚ ስማችሁን አስቀድሞ ዶት ጊትሃብ ዶት አይኦ የሚል ማስቀመጫ ፍጠሩ፣ ፋይሎቹን ከብሮውዘሩ ጫኑ፣ በቃ። ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት አሁን መማር የለባችሁም። ዋናው ፋይል ኢንዴክስ ዶት ኤችቲኤምኤል መባል አለበት። ባለሁለት ደረጃ መግቢያ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) ሲያስከፍታችሁ የሚሰጣችሁን የመጠባበቂያ ኮድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ስልክ ይጠፋል። እያንዳንዱ የሰው ሥራ ደግሞ የራሱ ማስቀመጫ ይኑረው።

«ላፕቶፔ ላይ ፎቶው ይታያል፣ ኢንተርኔት ላይ ግን ጠፋ» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። ዊንዶውስ በትልቁና በትንሹ የላቲን ፊደል መካከል አይለይም፣ የጊትሃብ ሰርቨር ግን ይለያል። የፋይል ስም ሁሉ በትንሹ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ይሁን። ሁለተኛው፣ የፎቶው አድራሻ ከሲ ድራይቭ የሚጀምር ከሆነ የእናንተ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው የሚገኘው።

ፖርትፎሊዮው የሚመጣው አሁን ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። ስማችሁ፣ ሐዋሳ መሆናችሁ፣ የምትሠሩት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት ወይም ሦስት ሥራ፣ መገናኛ። ከእያንዳንዱ ሥራ ሥር አጭር ታሪክ ጻፉ፦ ባለቤቱ ማን ነው፣ ደንበኛው ምን ይቸግረው ነበር፣ ምን ወሰናችሁ፣ ለምን። ያ የወረቀት ንድፍ እዚህ ይገባል። ፎቶ አንሱትና ካለቀው ገጽ ጎን አስቀምጡት። እንዴት እንደምታስቡ ያሳያል፤ ቀጣሪም የሚፈልገው እሱን ነው። «ኤችቲኤምኤል 90 በመቶ» የሚሉ የችሎታ መስመሮችን ተዉ። ማን ለካው? የቤት አድራሻና የመታወቂያ ፎቶም አይለጠፍ።

ቋንቋውን እንደ ፈላጊው ምረጡ። የከተማው ነጋዴ እንዲያያችሁ ከሆነ አማርኛ፣ የርቀት ሥራ ከሆነ እንግሊዝኛ። ሁለቱንም ካደረጋችሁ እያንዳንዱን ራሳችሁ ጻፉት፤ በማሽን የተተረጎመ ያስታውቃል። ሊንኩን ከመበተናችሁ በፊት ኦፕን ግራፍ የሚባሉትን መስመሮች አስገቡ፤ ቴሌግራም ላይ ሲላክ ርዕስና ምስል ይዞ የሚወጣው በነሱ ነው።

ጊትሃብ ለተማሪዎች በነፃ የሚሰጠው ጥቅል አለ፣ ተማሪ መሆናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል። ግቢ እያላችሁ አመልክቱ፤ ከተመረቃችሁ በኋላ አይሆንም።

ሁለተኛው ሰው ሲመጣ ክፍያ ጠይቁ። ግማሹን በቅድሚያ በቴሌብር ተቀበሉ፣ ቀሪውን ገጹ ሲከፈት። ገጹ ላይ ያለው የዕቃ ዋጋ ሲቀየር ማን እንደሚያስተካክል፣ እስከ መቼ በነፃ እንደሆነም መጀመሪያውኑ ተነጋገሩ፤ ጨርቅ በጨመረ ቁጥር ስልክ ይደወላል። ዶሜይን (ለገጹ የሚገዛ የራሱ አድራሻ) ከተገዛ ደግሞ በባለሱቁ ስምና ኢሜይል ይመዝገብ እንጂ በእናንተ አይሁን።