ወዳጅ ዘመድን ባቡር ላይ ለማሳፈር፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለሚነሱ

ድሬዳዋ ውስጥ ባቡርን የሚጠላ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ ነው፤ አያቱ ወይም አጎቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረ ሰው በየሰፈሩ አለ። ያም ሆኖ "አዲስ አበባ በምን ትሄዳለህ?" ቢሉት መልሱ አውቶቡስ ነው፤ ኪሱ ከፈቀደም አውሮፕላን። እንዲህ ያለውን ሰው ስለ ባቡር ምቾት መስበክ ትርፉ ድካም ነው፤ ምቹ መሆኑን ያውቃል። የሚያስቸግረው ከቤቱ እስከ ጣቢያ፣ ከጣቢያ እስከ መድረሻ ያለው ነገር ነው። ቲኬቱ መቼና የት ይቆረጣል? ጣቢያው በየት በኩል ነው? ማታ አዲስ አበባ፣ ለቡ ጣቢያ ብወርድ በምን እሄዳለሁ? እነዚህን ሦስቱን አስቀድማችሁ ከጨረሳችሁለት ይሳፈራል።

መጀመሪያ ሰው ምረጡ። ማታውኑ ሰርግ ያለበትን፣ በነጋታው ጠዋት የሐኪም ቀጠሮ ወይም የፍርድ ቤት መጥሪያ የያዘውን አትጎትጉቱ። ባቡሩ ቢዘገይ ያ ሰው ሁለተኛ አይሳፈርም፤ አልፎም ለሰማው ሁሉ ያወራል። ለመጀመሪያ ጉዞ የሚሆነው ቀኑን ማዛወር የሚችል ሰው ነው፦ ለእረፍት የሚሄድ የሐረማያ ወይም የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ዘመድ ጥየቃ የሚሄዱ እናት፣ መኪና ላይ የሚያስመልሰው ሰው፣ ሕፃናት የያዘ ቤተሰብ። የጨርጨርን ጠመዝማዛ፣ ከደንገጎ በቁሉቢ፣ በሂርናና በጭሮ የሚያልፈውን መንገድ፣ ፌስታል ይዞ የተጓዘ ሰው ብዙ ማባበል አያስፈልገውም። ተነስቶ መንቀሳቀስና ሽንት ቤት መሄድ እንደሚችል ንገሩት፤ ይበቃዋል። ጉልበታቸውን ወይም ወገባቸውን ለሚያማቸው ሽማግሌዎችም ከሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው፦ በየሰዓቱ ተነስቶ መተላለፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት።

ብቻውን የሚሄድ ሰው ሐሳቡን ቶሎ ይቀይራል፤ ሦስት አራት ሆነው ሲሄዱ ግን አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። ወጪውም ይቀላል፤ ለዚህ ወደ በኋላ እንመለሳለን። የቡድን ጉዞ ለማቀድ በርጫ ላይ መነጋገር የድሬ ልማድ ነው፤ ችግሩ ምርቃና ላይ "አቦ ሁላችንም እንሄዳለን!" ያለው ሁሉ ጠዋት ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ቃል ሳይሆን ገንዘብና መታወቂያ ተቀበሉ። አንድ ሰው ኃላፊነት ይውሰድ፤ የሁሉንም ሙሉ ስም መታወቂያው ላይ እንደተጻፈው ይመዝግብ፣ የመታወቂያውን ፎቶ በስልኩ ይያዝ፣ የቲኬቱንም ብር ያኔውኑ ይሰብስብ። "በኋላ እልክልሃለሁ" ያለው ሰው ቦታ አይያዝለትም።

ቀኑና ቲኬቱ

ባቡሩ እንደ ሚኒባስ ሲሞላ የሚነሳ አይደለም፤ የተወሰነ ቀንና ሰዓት አለው፣ ያም ይቀያየራል። ስለዚህ ከጓደኛ የሰማችሁትን ወይም አምና የሄዳችሁበትን ሰዓት ለሰው አትንገሩ። በዚያው ሳምንት ቲኬት ቢሮው ሄዳችሁ ወይም ደውላችሁ አራት ነገር አጣሩ፦ በየትኞቹ ቀናት ይነሳል፣ በስንት ሰዓት፣ ቲኬቱ ከስንት ቀን በፊት ይሸጣል፣ ከተሰረዘ ገንዘቡ እንዴት ይመለሳል። የመመለሻውንም አብራችሁ ጠይቁ። የሄደበት ቀን ተመችቶት መመለሻ ያጣ ወዳጅ የሚያማርረው እናንተን ነው።

ሁለት የሰዓት ወጥመድ አለ። ቲኬቱ ላይ 08:00 ተብሎ ከታተመ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ "ስምንት ሰዓት" ብሎ አንብቦ ከምሳ በኋላ የሚመጣ ሰው ባዶ ጣቢያ ያገኛል። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ሊጻፍ ይችላል። ቲኬቱን ለሰው ስትልኩ ፎቶውን ብቻ አትላኩ፤ ከሥሩ በግልጽ አማርኛ "ማክሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ጣቢያ የምንገናኘው 1 ሰዓት" ብላችሁ ጻፉለት።

በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19፣ ለቁሉቢ ገብርኤል፣ በዚህ አቅጣጫ ያለው መጓጓዣ ሁሉ ይጨናነቃል። በዓመት በዓልና በዩኒቨርሲቲ መዝጊያም እንዲሁ። አዲስ ተጓዥ በእነዚህ ቀናት አታስጀምሩ። ከአዲስ አበባ ወደ ቁሉቢ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ግን ባቡሩ ሌላ ጥቅም አለው፦ ድሬዳዋ አድሮ፣ በደንገጎ በኩል በመኪና መውጣት ይችላል።

ስለ ቦታ ምርጫ ጥቂት። የወንበር ፉርጎው በአንድ ወገን ሦስት፣ በሌላው ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት የሚያስቀምጥ ነው። ስለዚህ አራት አምስት ሰው አንድ ላይ ቢቆርጥ እየተጨዋወተ ይሄዳል፤ ተለያይቶ የቆረጠ ግን የማያውቀው ሰው ጉልበት ከጉልበቱ ጋር እየተጋጨ ይውላል። የአልጋ ቦታ የሚሸጥ ከሆነ ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር ታችኛውን ያዙ። ሦስት ደርብ ባለው ፉርጎ ላይኛው አልጋ ላይ ቁጭ ማለት አይቻልም፤ መውጫው መሰላልም ቀጭን ነው።

የትኛው ጣቢያ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዚራ ያለው አሮጌው ባቡር ጣቢያ (ለገሃር የሚባለው) የአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መነሻ አይደለም። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው። ባጃጅ ይዞ "ባቡር ጣቢያ" ብቻ ያለ እንግዳ ለገሃር በር ላይ ሊወርድ ይችላል፤ ሾፌሩ አልተሳሳተም፣ የሰማውን ነው ያደረገው። "አዲሱ ባቡር ጣቢያ" በሉ፤ ለአዲስ ተጓዥም ቦታውን በስልኩ ካርታ ላይ ላኩለት። አዲስ አበባም ያው ነው፦ ለገሃር የሚባለው የከተማው ቀላል ባቡር ፌርማታና አሮጌው ጣቢያ ነው፤ ወደ ድሬ የሚመጣው ባቡር የሚነሳው ከፉሪ ለቡ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ወዳጃችሁን ይህን ሳትነግሩ ቲኬት አትቁረጡለት።

ወጪ ሲነጻጸር ሰው የሚረሳው ይህችን የጣቢያ መንገድ ነው። ቲኬት ከቲኬት ጋር ብቻ አታስተያዩ፤ ከቤት በር እስከ ቤት በር ደምሩ፦ በአውቶቡስ በኩል ቲኬቱ፣ የመንገድ ምሳና መናኸሪያ ድረስ የሚከፈለው፤ በባቡር በኩል ቲኬቱ፣ እዚህ እስከ ጣቢያ፣ እዚያ ከለቡ እስከ መሀል ከተማ። ብቻውን ለሚሄድ ሰው የሁለቱ ጫፎች ኮንትራት ከቲኬቱ ጋር ሊፎካከር ይችላል። አንድ ባጃጅ ሦስት ሰው ስለሚይዝ ግን ወጪው ለሦስት ሲካፈል ስሌቱ ይለወጣል። ትልልቅ ሻንጣ ካለ በባጃጅ ሁለት ሰው ብቻ አስቡ፤ አራት ከሆናችሁ አንድ ሚኒባስ በኮንትራት ማታውኑ ተነጋግራችሁ ያዙ። ጎህ ሳይቀድ መንገድ ላይ ወጥቶ ባጃጅ መፈለግ ከሾፌሩ ጋር በዋጋ ሲጨቃጨቁ ሰዓት ማሳለፍ ነው።

ከሐረር ለሚነሱ ሒሳቡ ጥብቅ ነው። ከሐረር ድሬዳዋ ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፣ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ይበቃል ይባላል፤ ነገር ግን ሚኒባሱ እስኪሞላ ይጠብቃል፣ አወዳይ ገበያው መንገዱን ይይዘዋል፣ የደንገጎ ቁልቁለት ደግሞ ከጭነት መኪና ኋላ ከገባችሁ አያስቸኩልም። ድሬ ከገቡ በኋላ እስከ አዲሱ ጣቢያ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ፤ ጣቢያ ውስጥ ለመታወቂያ ማጣሪያና ለሻንጣ ፍተሻ አንድ ሰዓት። ሲደመር ባቡሩ ከመነሳቱ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ከሐረር መውጣት ነው። ባቡሩ ማለዳ የሚነሳ ከሆነ ይህ አይሆንም፤ ዋዜማውን ድሬ ዘመድ ቤት ማደር ይሻላል። እንዲያውም ግብዣችሁ "ማታ እኛ ጋ እደር፣ ጠዋት አብረን እንሄዳለን" ከሆነ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ፍተሻውን አስቀድማችሁ ንገሩ። ቤንዚን፣ የጋዝ ሲሊንደርና ተቀጣጣይ ነገር ይዞ መሳፈር አይቻልም። ከዚህ ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን "እቺን ዕቃ ለእህቴ አድርስልኝ" የሚባለው ጥቅል ነው። በድሬ ይህ የተለመደ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ያላዩትን ሻንጣ መቀበል ግን በኮንትሮባንድ ያስጠይቃል፣ ባለ ሻንጣው ደግሞ በዚያ ሰዓት አይገኝም። ለአዲስ ተጓዥ ሕጉ አንድ ነው፦ ራስህ ያልቆለፍከውን አትያዝ። አልፎ ጅቡቲ ድረስ ለሚሄድ መታወቂያ አይበቃም፤ ፓስፖርትና እንደ ሁኔታው ቪዛ ያስፈልጋል።

"ይዘገያል" ሲሏችሁ

አትካዱ። አዎ ይዘገያል፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ግን ያነሰ ይናደዳል። ከአዳማ ወዲህ ሐዲዱ ነጠላ ነው፤ ከጅቡቲ ዕቃ ጭኖ የሚመጣ ባቡር ካለ አንዱ ጣቢያ ላይ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። ምድረ በዳ መሀል ያለ ምክንያት የቆመ የሚመስለው ባቡር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ይህንን ነው። ሁለተኛ፣ ባቡሩ የሚሄደው ከራሱ በላይ በተዘረጋ 25 ሺህ ቮልት መስመር ስለሆነ መብራት ሲቋረጥ ይቆማል። ሦስተኛው እንስሳት ናቸው። በሚኤሶና በኤረር በኩል ግመልና ከብት ሐዲዱን ይሻገራሉ፤ በፍጥነት የሚሄድ ባቡር ፍሬን ተይዞም በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ሳይሄድ አይቆምም፣ ከተገጨም የባለቤቱ ጉዳይ እስኪጣራ ጊዜ ይወስዳል። የጸጥታ ችግር ሲኖር ደግሞ ጉዞው ራሱ ሊሰረዝ ይችላል፤ ስለዚህ ዋዜማውን ማታ ደውሎ ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንቅፋት ከሌለ ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ለሰው ስትነግሩ ግን "ሙሉ ቀን ያዝ" በሉ። ሰባት ብላችሁ ዘጠኝ ከሆነ ዋሽታችኋል፤ ሙሉ ቀን ብላችሁ ስምንት ከሆነ ግን ደስ ብሎት ይወርዳል። አዲስ አበባ ገና ከከበደው አዳማ ድረስ ያለውን አስጀምሩት፤ አጭር ነው፣ የአዳማ ሰው ከሆነ ደግሞ ከለቡ የመመለስ ጣጣ የለበትም።

ለመንገድ የሚያዝ

ሊቶሪናን፣ የድሮውን የመንገደኛ ባቡር፣ የሚያስታውሱ አዛውንት በየጣቢያው በመስኮት እንቁላልና የኤረር ብርቱካን እየገዙ የሚሄዱ ይመስላቸዋል። ያ ቀርቷል፤ ምግብ ከቤት ይያዝ። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ፣ የማይፈስ ምግብ (ዳቦና እንቁላል፣ ሳምቡሳ፣ ደረቅ ጥብስ)፣ ፍራፍሬ፣ ሶፍትና ትንሽ ሳሙና፣ የስልክ ፓወር ባንክ። ወጥ አትያዙ፤ ዕቃው ሲከፈት ፉርጎው ሙሉ ይሸታል፣ ማፍሰሱም አይቀርም። በረሃው ላይ ኔትወርክ እየተቆራረጠ ስለሚሄድ የሚታይ ፊልም ወይም የሚደመጥ ነገር ካለ ዋዜማውን ይጫን። ልብስ ላይ የድሬ ሰው ይሳሳታል፦ በሙቀት በቀሚስና በሸበጥ ተሳፍሮ ማታ ለቡ ብርድ ላይ ይወርዳል። ጃኬቱ ሻንጣ ሥር ሳይሆን እጅ ላይ ይሁን።

መስኮት ዳር ያለውን ወንበር ለአዲሱ ሰው ልቀቁለት። አዋሽ፣ ፈንታሌ ተራራና በሰቃ ሐይቅ ሲደርሱ ቀስቅሱት እንጂ ንግግር አታብዙበት።

ለቡ ሲደርሱ

ጉዞው ጥሩ ሆኖ ሰው የሚማረርበት ቦታ ይህ ነው። ፉሪ ለቡ የከተማው ጠርዝ ላይ ነው፤ የከተማው ቀላል ባቡር እዚያ አይደርስም። የሁለቱ ባቡሮች አለመገናኘት የከተማዋ ትልቅ ጉድለት ነው፣ ግን እስኪገናኙ መንገደኛ በታክሲ ይሄዳል። ባቡሩ ሲገባ መቶዎች በአንድ ጊዜ ይወርዳሉ፣ በር ላይ ያለው ታክሲም ዋጋውን ያውቀዋል። ስለዚህ አዲስ ተጓዥ ሦስት ነገር አስቀድሞ ይወቅ፦ ማን እንደሚቀበለው፣ ካልሆነም ከማን ጋር ታክሲ እንደሚካፈል፣ ወደ ሰፈሩ የሚሄደው በጀሞ በኩል ነው ወይስ በጎፋ። ኮንትራት የሚያዝ ከሆነ ባቡሩ ውስጥ እያለ፣ ቢሾፍቱን እንዳለፈ፣ ከአጠገቡ ካሉት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱትን ይጠይቅ። ከባቡር ከወረዱ በኋላ ሁሉም ስለሚበታተን ያኔ ሰው አይገኝም።

እናንተ አብራችሁ ካልሄዳችሁ ሁለት ጊዜ ደውሉለት፦ ባቡሩ ሲነሳና ለቡ ሲደርስ። ቤቱ ከገባ በኋላ "እንዴት ነበር?" ከማለት "መመለሻውን መቼ ልቁረጥልህ?" ብላችሁ ጠይቁት። ቀን ከነገራችሁ በነጋታው ቲኬት ቢሮ ሂዱ።