ከልጆች ጋር የመጀመሪያው የተራራ ብስክሌት ቀን

መንገዱን ስትመርጡ በራሳችሁ ጉልበት አትለኩት፣ በትንሹ ልጅ ለኩት። ሰፋ ያለ፣ ድንጋይ ያልበዛበት የአፈር መንገድ፣ ደርሶ መልስ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ይበቃል። "ትንሽ እንጨምር" የሚል አባት ካለ አትስሙት (እኔ ነበርኩ፤ ልጄን አዝዬ፣ ብስክሌቱን እየገፋሁ ተመለስኩ)።

ከመነሳታችሁ በፊት ፍሬኑን ጨብጣችሁ ብስክሌቱን ግፉት። ጎማው ከዞረ አትውጡ። ሄልሜቱ ከቅንድብ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ልጆች ወደ ማጅራታቸው ገፍተውት ግንባራቸው ባዶውን ይቀራል።

ዋናው ጣጣ ቁልቁለቱ ነው። መቀመጫውን ቀድማችሁ ዝቅ አድርጉ። ሁለቱን ፔዳሎች እኩል ከፍታ ላይ አድርጋችሁ ከመቀመጫው ተነሱ፣ ጉልበትና ክርናችሁን አላሉ፣ ወገባችሁን ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ። ሁለቱንም ፍሬን ቀስ እያላችሁ ያዙ፤ የፊቱን ብቻ ድንገት ጭምቅ ያደረገ በመሪው ላይ ተሽቀንጥሮ ሊወድቅ ይችላል። ዓይናችሁ መሄድ የምትፈልጉበት ላይ ይሁን። ድንጋዩ ላይ ያፈጠጠ ልጅ ሄዶ ሄዶ እዚያው ድንጋይ ላይ ይወጣል፣ ይገርማል ግን እውነት ነው።

ዳገት ሳይጀምር ማርሹን አቅልሉ። ከከበደም ወርዶ መግፋት ነውር የለውም። ውሃ፣ የሚቀመስ ነገር፣ መንፊያና ትርፍ ካላማዳሪ የያዘው ትልቅ ሰው ከኋላ ይሁን፣ ሌላው ከፊት፣ ልጆቹ መሃል።