ሽታ ሲይዝ የሚጠፋብኝን ውሻ እንዴት አስለመድኩት

ውሻዬ ኦተርሃውንድ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ኦተር የሚባለውን ዓሣ በል እንስሳ ሽታውን ተከትሎ እንዲያድን የወጣ ዝርያ። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ኦተር እዚህ በሕግ ስለሚጠበቅ አደኑ ቀረ። ዝርያውም ዛሬ በጣም ጥቂት ነው። አፍንጫው ግን ያው ነው።

እኔም እዚሁ እንግሊዝ ነው የምኖረው። ወንዝ ዳር ስፈታው ሽታ ይይዝና እብስ ይላል። ብጠራው፣ ባፏጭ፣ ሥጋ ባሳየው ወይ ፍንክች! አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈልጌ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ አገኘሁት። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስህተቴ ሽታው ውስጥ ከገባ በኋላ መጥራቴ ነበር። ያኔ ጆሮው አይሰማም።

አሁን 10 ሜትር ገመድ አለን። የማስረው ከደረት ማሰሪያው ላይ ነው። 50 ኪሎ የሚጠጋ ውሻ ሮጦ ገመዱ ሲያልቅበት አንገቱ ይጎዳላ! ከዚያ የደረቀ ጉበት ሣር ላይ እየጎተትኩ መንገድ እሠራና ጫፉ ላይ እደብቃለሁ። ፊሽካ የምነፋው ቀና ሲል ብቻ ነው። ሲመጣ የጉበቱን መንገድ ከእግሬ ሥር ያገኘዋል። ፊሽካው ለእሱ የአደን መጀመሪያ ሆነ።

ሦስት ወር ፈጀ። ዛሬ ፊሽካ ሲሰማ ጆሮውን እያርገበገበ ይመጣል፤ ደስ ሲል! አጥር በሌለበት ግን ገመዱን አሁንም አልፈታም።