የበረንዳ ጣውላ ወለል አነጣጠፍ፦ ከሥሩ አየር ይግባ

ባሕር ዳር ላይ በረንዳ ሁለተኛ ሳሎን ነው። ቡናው እዚያ ይፈላል፤ ማታ የጣና ነፋስም እዚያ ያገኘናል። ጣውላ ሲነጠፍበት ለባዶ እግር እንዴት እንደሚመች! ግን ጣሪያ አለው ብላችሁ አትዘናጉ። የሐምሌ ዝናብ ከነፋስ ጋር ሲመጣ በጎን ይገባል።

አንድ ዘመዴ ቤት ጣውላው በቀጥታ ሊሾው ላይ ተመትቶ ነበር። ነሐሴ ላይ መሃሉ እንደ በሬ ሻኛ ተነሳ። አንዱን ፈንቅለን ስናየው ከላይ ደህና ነው፤ ከሥሩ ግን ጠቁሯል፣ ሻግቷል፣ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። እንጨት ረጠበ ተብሎ አይበሰብስም። የሚበሰብሰው ረጥቦ ሳይደርቅ ሲቆይ ነው። የታንኳ ቀዛፊዎቻችን ይህን ያውቁታል፤ የደንገል ታንኳቸውን ከሐይቁ አውጥተው ያደርቁታል።

እንጨቱን ስትመርጡ የሐበሻ ጥድ ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ፤ ምስጥንም መበስበስንም ይቋቋማል። ከየት እንደተቆረጠ ግን ጠይቁ። ዋንዛ ያምራል፣ ለሥራም ይመቻል፤ ወንበር ሲጎተትበት ቶሎ ይጫራል እንጂ። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ በየቦታውም አለ። ችግሩ ሲደርቅ መሰንጠቁና መጣመሙ ነው፤ ስለዚህ በደንብ የደረቀውን ብቻ ግዙ። ሁለት ጣውላ አጋጩ፤ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ከዚያ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጠርዙ በኩል ተመልከቱ፤ ጥመቱ ወዲያው ይታያል። ውፍረቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ቢበዛ 10 ይሁን። ሰፊ ጣውላ ይቆለመማል።

ለሥራው ኅዳር ጥሩ ነው። ጣውላውን አምጥታችሁ በረንዳው ላይ፣ በየመሃሉ ቁራጭ እንጨት እያስገባችሁ ደርድሩትና ሁለት ሳምንት አቆዩት። የቦታውን አየር ይልመድ።

በመጀመሪያ ሊሾው ላይ ውሃ አፍስሱ። ወደ ውጭ ካልወረደና ከተኛ፣ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል አስተካክሉት። አዲስ ሲሚንቶ ከሆነ አንድ ወር ይድረቅ።

ቀጥሎ ሞራሌው፤ ጣውላው በላዩ አግድም የሚመታበት እንጨት ማለት ነው። ከግድግዳው ወደ ውጭ፣ ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ፣ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ አስተኙት። ከሥሩ በየቦታው የአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ አድርጉ፤ እንጨቱ ሲሚንቶውን አይንካ። የፊቱን ጠርዝ በጣውላ አትድፈኑት። አየር የሚገባው በዚያ ነው። አፈርና አበባ መደብም እንዳይጠጋው፤ ምስጥ የጭቃ መንገዱን ሠርቶ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ጣውላውን ከመምታታችሁ በፊት በስድስቱም ጎን ዘይት ቀቡት። የተቆረጠውን ጫፍ ደግማችሁ ቀቡ፤ ውሃ ከሁሉም በላይ የሚጠጣው እሱ ነው። ቫርኒሽ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ይላጣል፤ ለእንጨት የተዘጋጀ የተልባ ዘይት ይሻላል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለአጥር እንጨት ይሁን፤ እግር ያቆሽሻል፣ ይሸታል። አንድ ነገር አደራ፦ የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉ። በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

አሁን ምቱት። በየሞራሌው ላይ ሁለት ብሎን፣ መጀመሪያ በድሪል እየበሳችሁ። ምስማር በክረምትና በበጋ እንጨቱ ሲነፋና ሲኮማተር እየተነቀለ ይወጣል። በጣውላዎቹ መሃል 4 ሚሊ ሜትር፣ ከግድግዳው ደግሞ 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ። ወፍራም ምስማር መሃል ላይ እያቆማችሁ ብትለኩ እኩል ይመጣል።

በየዓመቱ ከክረምት በፊት አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ዘይቱን ድገሙት። የከሰል ምድጃውን ሴራሚክ ላይ አስቀምጡት፤ አንድ ፍም ጥቁር ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። ቄጤማ ከጎዘጎዛችሁም እንግዳው እንደሄደ ጥረጉት፤ እርጥቡ ሣር ካደረ ክፍተቱን ይደፍነዋል።