የበቀለው የበርበሬ ዘር አፈር ሲነካ ለምን ይሞትብኝ ነበር?

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ አፓርታማ ውስጥ ነው። የበርበሬ ዘር በእርጥብ ሶፍት ጠቅልዬ፣ ፌስታል ውስጥ አድርጌ ፍሪጁ አናት ላይ ሳስቀምጠው በሳምንት ከምናምን ይበቅላል። ጣጣው አፈር ላይ ነው። ሁለት ዙር ተከልኩ፤ አንድም አልወጣ።

በሁለተኛው ዙር አፈሩን በማንኪያ ገልጬ አየሁት። ሥሩ እስኪረዝም እጠብቅ ስለነበር ሶፍቱን ሰርስሮ ገብቶ፣ ላላቅቀው ስሞክር ጫፉ ተቀንጥሷል። ያልተቀነጠሰው ደግሞ በስብሷል። አፈሩ ከግቢ የተዛቀ ከባድ ጭቃ ነው፤ በዚያ ላይ ጠዋት ማታ ውኃ አጠጣው ነበር። (እናቴ ብታይ «ሕፃን ነው እንዴ ጡት የምታጠባው?» ትለኝ ነበር።)

በሦስተኛው ዙር ሥሩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር እንደሆነ አወጣሁት። ሶፍቱን የያዘውን አላላቀቅኩም፤ ዙሪያውን በመቀስ ቆርጬ ከነሶፍቱ ተከልኩት። ለችግኝ የሚሸጠውን ቀላል አፈር ቀድሜ በለብታ ውኃ አራስኩ፤ ጨብጬ ስጨምቀው አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ እስኪወጣው። ታቹ በተበሳ ኩባያ ሞልቼ በእርሳስ ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር በሳሁና ሥሩን ወደ ታች አድርጌ አፈር ነሰነስኩበት። መጫን የለም!

መጋቢት ላይ የመስኮቱ ደፍ ስለሚቀዘቅዝ ኩባያዎቹም ፍሪጁ አናት ላይ ወጡ። ብቅ እንዳሉ ወዲያው ወደ ብርሃን፤ ውኃም ከሥር በሳህን።

ከ12ቱ 10ሩ ወጡ። አንዷ የዘሩን ቅርፊት እንደ ቆብ ደፍታ ቀርታ ነበር፤ በውኃ ጠብታ አለስልሼ በጥፍሬ አወለቅኩላት።